ከመርታት ወደ ማሳመን፦ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ የተካሄደው ክርክርና የመልእክት ጥናት ታሪክ

የሚኒሶታ ግዛት ሕዝብ ኖቬምበር 6 ቀን 2012 በሕገ መንግሥቱ ላይ ሊጨመር በቀረበ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ድምፁን ሰጠ። የዓረፍተ ነገሩ ፍሬ ነገር ሕጋዊ ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ጥምረት ብቻ ይሁን የሚል ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የመሰለ አንቀጽ ወደ 30 በሚጠጉ የአሜሪካ ግዛቶች ለሕዝብ ቀርቦ ጸድቋል። አሪዞና በ2006 አንድ ጊዜ ውድቅ ብታደርገውም በ2008 ተመልሶ ሲቀርብላት ተቀብላዋለች። በሚኒሶታ ግን አንቀጹ ወደቀ። ከስድስት ወር በኋላም የግዛቱ ምክር ቤት የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ሕጋዊ አደረገ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጋብቻውን ጥያቄ ከሃይማኖት ወይም ከሥነ ምግባር አንጻር ለመዳኘት አይደለም። የምንጠይቀው አንድ የታሪክ ጥያቄ ነው፦ ለአርባ ዓመታት ሲሸነፍ የቆየ አናሳ ወገን፣ አብዛኛው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲለውጥ ያደረገው በምን ዓይነት ንግግር ነው? ጥያቄው ለእኛ ለስደተኛ ምሁራን ባዕድ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ዕድሜያችንን በክርክር ያሳለፍን፣ በክርክርም እምብዛም ሰው ያላሳመንን ወገኖች በመሆናችን ጉዳዩ በቅርብ ይመለከተናል ብለን እናምናለን። ዘመናቱን የሰጠነው በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስንጽፍ ዓ.ም. ብለን እንለያለን።

ስለ ቃላት አንድ ማሳሰቢያ አስፈላጊ ነው። የአገራችን ሕግና የዕለት ንግግራችን ለዚህ ጉዳይ የሚጠቀሙበት ቃል፣ «ግብረ ሰዶም»፣ ገና ሲነገር ፍርዱን ይዞ ይመጣል። እኛ እዚህ «ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች» የሚለውን መርጠናል። ምርጫችን ለጨዋነት ብቻ አይደለም። ቀጥለን የምንተርከው ታሪክ ራሱ፣ አንድ ነገር በምን ስም እንደሚጠራ አስቀድሞ መወሰን የክርክሩን እኩሌታ እንደሚወስን የሚያስረዳ ነውና።

በዳኛ ፊት የተደረገው ክርክር

በሁለቱ መንትያ ከተሞች ታሪኩ የሚጀምረው ከፍርድ ቤት ነው። ሜይ 18 ቀን 1970 ጃክ ቤከርና ማይክል ማኮኔል የተባሉ ሁለት ወጣቶች በሚኒያፖሊስ ለሄነፒን ካውንቲ የጋብቻ ፈቃድ ማመልከቻ አቀረቡ። ቤከር የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ ነበሩ፤ በሚከተለው ዓመትም የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ተመርጠዋል። ማመልከቻው ተከለከለ። የግዛቱ ሕግ ባልና ሚስት በጾታ የተለያዩ ይሁኑ ብሎ በግልጽ አይደነግግም፤ ቢደነግግም የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት ይጥሳል የሚለውን ክርክር የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኦክቶበር 1971 አልተቀበለውም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በኦክቶበር 1972 ይግባኙን፣ በቂ የሆነ የፌዴራል ጥያቄ አላነሣም በሚል በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋው። ይህ ዓረፍተ ነገር እስከ ጁን 2015 ድረስ፣ ማለትም ያው ፍርድ ቤት በመላ አገሪቱ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን እስከ ፈቀደበት ቀን ድረስ፣ በሕግ ክርክሮች ውስጥ ሲጠቀስ ኖሯል።

በዚያው ዘመን ሁለቱም ከተሞች በሥራ፣ በመኖሪያ ቤትና በመሳሰለው አድልዎን የሚከለክሉ ደንቦቻቸው ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችንም እንዲያካትቱ በ1974 አደረጉ። ሚኒያፖሊስ በ1975 ይህንኑ ጥበቃ በተወለዱበት ጾታ ለማይኖሩ ሰዎች በማስፋት ቀዳሚ ሆነች። ይሁን እንጂ ደንቦቹ በከተማ ምክር ቤት የጸደቁ እንጂ በሕዝብ ልብ ውስጥ የገቡ አልነበሩም። በ1977 በፍሎሪዳ ዴድ ካውንቲ በዘፋኝዋ አኒታ ብራያንት መሪነት የተጀመረው የመሻር ዘመቻ ወደ ሴንት ፖል ሲዛመት፣ የከተማዪቱ መራጭ ኤፕሪል 25 ቀን 1978 ደንቡን በሰፊ የድምፅ ብልጫ ሻረው። የሻሪዎቹ መልእክት ስለ ልጆችና ስለ ቤተሰብ ነበር፤ የተከላካዮቹ ደግሞ ስለ ሰብአዊ መብት በጥቅሉ። አንደኛው ወገን ሰሚው በቤቱ የሚያውቀውን ነገር ሲናገር፣ ሌላው በመጽሐፍ የሚገኘውን መርሕ ይናገር ነበር ማለት ይቻላል። ሴንት ፖል ደንቡን መልሳ ያወጣችው በ1990 ሲሆን፣ በ1991 እንደገና ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ በዚህኛው ጊዜ ጸንቷል።

ከዚህ ሽንፈት እስከ ግዛት አቀፉ ሕግ ድረስ የዘለቀው ሰው የታሪክ ምሁሩ አለን ስፒር ናቸው። ስፒር በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የቺካጎ ጥቁሮችን ታሪክ የጻፉ ሊቅና የግዛቱ ሴኔት አባል ነበሩ። በዲሴምበር 1974 ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆናቸውን በጋዜጣ አስታወቁ። የግዛቱ የሰብአዊ መብት ሕግ እንዲሻሻል ያደረጉት ጥረት የተሳካው በ1993፣ የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ሆነው በተመረጡበት ዓመት ነው። በዚያ ክርክር ወሳኝ ከነበሩት ንግግሮች አንዱ የሪፐብሊካኑ ሴናተርና የሉተራን ፓስተሩ የዲን ጆንሰን እንደ ነበረ ይታወቃል። ይህን ልብ እንበል፤ ተጠራጣሪውን ያንቀሳቀሰው ከራሱ ወገን፣ በራሱ ቋንቋ የሚናገር ሰው ነበር። የኋለኛው ዘመን ጥናት በቁጥር ያረጋገጠው ነገር ፍንጩ በዚህ ጊዜ ታይቶ ነበር ማለት ነው።

515 ሕጎችና አንድ ቃል

ከ2012ቱ ድምፅ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በሚኒያፖሊስ «ፕሮጀክት 515» የሚባል ድርጅት ተቋቁሞ ነበር። ስሙ የመጣው ከቁጥር ነው፤ የድርጅቱ ሰዎች የግዛቱን ሕጎች መርምረው የተመሳሳይ ጾታ ተጣማሪዎችን ከባልና ሚስት ለይተው የሚያዩ 515 ድንጋጌዎች አገኙ። ርስት፣ ሕክምና፣ ጡረታ፣ ግብር፣ የልጅ አስተዳደግ በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ሥራው የተማረ ሰው ሥራ ነው፤ በማስረጃ የተደገፈና የማይካድ። በዚያው ዘመን መላው ንቅናቄም የሚናገረው በዚህ ዓይነት ቋንቋ፣ በመብትና በጥቅም ዝርዝር ነበር።

ይህ ቋንቋ ግን በሕዝበ ውሳኔ አያሸንፍም ነበር። በኖቬምበር 2008 በካሊፎርኒያ «ሀሳብ 8» የተባለው አንቀጽ በ52 በመቶ ድምፅ ሲጸድቅ፣ በ2009 በሜይን የጋብቻው ሕግ በሕዝብ ድምፅ ሲሻር፣ የንቅናቄው መሪዎች ቆም ብለው ንግግራቸውን ራሱን መመርመር ግድ ሆነባቸው። «ፍሪደም ቱ ሜሪ» የተባለው ብሔራዊ ድርጅትና ተባባሪዎቹ በዚህ ጊዜ ያካሄዱት ሥራ ነው የመልእክት ጥናት የሚባለው። መራጮችን በመጠይቅ መለካት፣ ያልወሰኑ ሰዎችን በትንንሽ ቡድን አሰባስቦ ማወያየት፣ አንድን ማስታወቂያ ከመሠራጨቱ በፊት ለተመረጡ ተመልካቾች አሳይቶ ሐሳባቸው ወዴት እንዳዘነበለ መመዝገብ የሥራው ዋና ክፍሎች ናቸው።

ከተገኙት ውጤቶች አንዱ ከኦሬገን የመጣ ነው። መራጮች «እንደ እናንተ ያሉ ሰዎች ለምን ይጋባሉ?» ተብለው ሲጠየቁ አብዛኞቹ ለፍቅርና ለቃል ኪዳን ነው ብለው መለሱ። «ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ተጣማሪዎችስ ለምን መጋባት ይፈልጋሉ?» ሲባሉ ግን ብዙዎቹ ለመብትና ለጥቅም ነው አሉ፤ ቀላል የማይባል ቁጥር ያላቸው ደግሞ አናውቅም አሉ። ይህን መልስ ከየት አገኙት? ከተሟጋቾቹ ከራሳቸው ነዋ! ለዓመታት ስለ ጡረታና ስለ ግብር ሲነገረው የኖረ ሰሚ፣ እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት እኔ ጋብቻ የምለውን ሳይሆን ሌላ ነገር ነው ብሎ ደመደመ። ተሟጋቾቹ እውነቱን ተናግረዋል፤ ነገር ግን እውነታቸው በእነርሱና በሰሚው መካከል ያለውን ርቀት አስፍቶታል። ከዚህ በኋላ የመልእክቱ ማዕከል ከዝርዝሩ ወደ አንድ ቃል፣ ወደ ቃል ኪዳን ዞረ።

የውይይቱ ዘመቻ

በሜይ 2011 በሪፐብሊካኖች የበላይነት የተያዘው የሚኒሶታ ምክር ቤት አንቀጹ ለሕዝብ ይቅረብ ብሎ ሲወስን፣ ከፓርቲው መስመር ወጥተው ከተቃወሙት አራት ሪፐብሊካን እንደራሴዎች አንዱ በኢራቅ ጦርነት ሁለት እግሮቻቸውን ያጡት ጆን ክሪዝል ነበሩ። ወዲያው «አውትፍሮንት ሚኒሶታ» እና ፕሮጀክት 515 በኅብረት «ሚኒሶታንስ ዩናይትድ ፎር ኦል ፋሚሊስ» የተባለውን ዘመቻ መሠረቱ፤ ሪቻርድ ካርልቦም ሥራ አስኪያጅ ሆኑ።

ዘመቻው ከተለመደው የተለየው በዋነኛነት በአንድ ነገር ነው። የተለመደው የምርጫ ዘመቻ ደጋፊን ለይቶ ለድምፅ ያነሣሣል፤ ተቃዋሚንና ወላዋይን ያልፋል። የሚኒሶታው ዘመቻ ግን በጎ ፈቃደኞቹን ላልወሰነው ሰው እንዲደውሉና በሩን እንዲያንኳኩ አሠለጠነ። ሥልጠናው ሰውዬው የማይስማማ ነገር ሲናገር አፉን ማዘጋት ሳይሆን መጠየቅን የሚያስተምር ነበር። አግብተዋል ወይ? ጋብቻ ለእርስዎ ምን ማለት ነው? ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ የሆነ ሰው ያውቃሉ? ከዚያ በኋላ ደዋዩ የራሱን ወይም የቤተሰቡን ታሪክ ይናገራል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ውይይቶች ተካሄዱ።

የቴሌቪዥን ማስታወቂያውም ይህንኑ መንገድ ተከተለ። በቅድሚያ የቀረቡት ተሟጋቾቹ ሳይሆኑ፣ ካቶሊክና ሪፐብሊካን የሆኑ ባልና ሚስት ሐሳባቸውን እንዴት እንደ ለወጡ ሲናገሩ ነው። ዓላማው ወላዋዩ መራጭ አቋምን መለወጥ እምነትን ወይም ወገንን መክዳት እንዳልሆነ በሌላ ሰው ላይ እንዲያየው ነበር። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የተጻፈው፣ ለራስ የሚፈልጉትን ለሌላው የማድረግ ሕግም ከሃይማኖተኛ መራጮች ጋር የሚነጋገሩበት የጋራ መሬት ሆነ። የሴንት ፖልና የሚኒያፖሊስ ካቶሊክ ሊቀ ጳጳስ ጆን ኒንስቴት አንቀጹን በይፋ ደግፈው ሳለ፣ ከሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶሶች የተቃወሙት ነበሩ። ስለዚህ ክርክሩ በሃይማኖትና በዓለማዊነት መካከል ብቻ የተደረገ አልነበረም፤ በምእመናን መካከልም ጭምር እንጂ።

የሌላው ወገንም የመልእክት ጥበብ ሊናቅ አይገባውም። የአንቀጹን ደጋፊዎች የመሩት ፍራንክ ሹበርት የካሊፎርኒያውን ድል ያስገኙ ሰው ናቸው። በ2008 የተጠቀሙበት ማስታወቂያ አንዲት ትንሽ ልጅ ከትምህርት ቤት መጥታ ልዑል ልዑልን እንደሚያገባ ተማርኩ ስትል የሚያሳይ ነበር። ዴቭ ፍሌሸር የዚያን ዘመቻ የሕዝብ አስተያየት መረጃ መርምረው በ2010 ባቀረቡት ዘገባ፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከሁሉ በላይ አቋማቸውን የለወጡት ልጆች በቤታቸው ያሏቸው ወላጆች መሆናቸውን አሳዩ። በሴንት ፖል በ1978 የሠራው ፍርሃት ከሠላሳ ዓመት በኋላም ይሠራ ነበር። መልስ ሊገኝለት የቻለው ፍርሃቱን በመሳለቅ ሳይሆን፣ ልጆችን ስለ ሥነ ምግባር የሚያስተምሩት በመጀመሪያ ወላጆቻቸው መሆናቸውን ወላጆችና መምህራን ራሳቸው እንዲናገሩ በማድረግ ነው።

ውጤቱና መንስኤዎቹ

አንቀጹን የተቃወመው ድምፅ 51.2 በመቶ፣ የደገፈው 47.4 በመቶ ሆነ። በሚኒሶታ ሕግ መሠረት ለመራጭነት ወጥቶ በዚህ ጥያቄ ላይ ምልክት ያላደረገ ሰው እንደ ተቃወመ ስለሚቆጠር፣ 1.4 በመቶ የሚሆነው ባዶ ድምፅም በተቃውሞው በኩል ተደመረ። ሄነፒንና ራምዚ ካውንቲዎች፣ ማለትም ሁለቱ ከተሞች የሚገኙባቸው፣ በብዛት ተቃወሙ፤ ከ87ቱ ካውንቲዎች አብዛኞቹ ግን ደግፈውት ነበር። በዚያው ቀን ሜይን፣ ሜሪላንድና ዋሽንግተን የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በሕዝብ ድምፅ ፈቀዱ። ሜይ 14 ቀን 2013 ገዥው ማርክ ዴይተን በሴንት ፖል በምክር ቤቱ ደረጃዎች ላይ ሕጉን ፈረሙ፤ ከኦገስት 1 ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ።

ይህን ሁሉ ለመልእክቱ ብቻ መስጠት የታሪክ ፀሐፊ ሥራ አይደለም። በሜይ 2012 ፕሬዚዳንት ኦባማ ድጋፋቸውን አስታውቀው ነበር፤ ድምፁ የተሰጠውም በፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ቀን ነው። ዘመቻው ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሰበስብ ተቃራኒው የዚያን እኩሌታ ያህል ነበረው። የባዶ ድምፅ አቆጣጠሩም ለተቃዋሚዎች የሚያመች ነው። ወጣት መራጮችም ከአባቶቻቸው የተለየ አመለካከት ይዘው አድገዋል። ሆኖም ከእነዚህ ምክንያቶች አንዳንዶቹ በካሊፎርኒያም በ2008 ነበሩ፤ አንቀጹ ግን ጸድቋል። በሁለቱ መካከል ከተለወጡት ነገሮች አንዱ ንግግሩ ነው።

ንግግር ሰውን በእርግጥ ይለውጣል ወይ የሚለው ጥያቄ ራሱ በኋላ አሳዛኝም አስተማሪም ታሪክ ገጥሞታል። በዲሴምበር 2014 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት፣ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ የሆነ ሰው በር አንኳኩቶ ሲያወያይ የመራጭ አመለካከት ለረጅም ጊዜ ይለወጣል አለ። ዴቪድ ብሩክማንና ጆሽዋ ካላ የተባሉ ወጣት ተመራማሪዎች ከባልደረባቸው ጋር ሆነው መረጃው እውነተኛ አለመሆኑን አጋለጡ፤ ጽሑፉም በሜይ 2015 ተሰረዘ። እነዚሁ አጋላጮች በማያሚ በተወለዱበት ጾታ ስለማይኖሩ ሰዎች በተካሄደ ዘመቻ ላይ የራሳቸውን ሙከራ አድርገው በ2016 በዚያው መጽሔት አወጡ። 56 በጎ ፈቃደኞች ከ501 መራጮች ጋር ተገናኝተው፣ አሥር ደቂቃ ያህል የሚወስድ፣ ፍርድ የሌለበት ውይይት ያስከተለው ለውጥ ቢያንስ ለሦስት ወራት መቆየቱን አረጋገጡ። ሐሰተኛው ጥናት በወገን ፍቅር ተሸፍኖ ቢቀር ኖሮ እውነተኛው ባልተገኘ ነበር።

የማሳመን ዋጋ

ይህ መንገድ ያለ ዋጋ የመጣ አይደለም። በንቅናቄው ውስጥ ከተነሡት ትችቶች ሁለቱን እንጠቅሳለን። አንደኛው፣ የጋብቻና የቃል ኪዳን ሥዕል ለአብዛኛው ሕዝብ የሚመች ሥዕል ነው፤ ከቤቱ የተባረረ ወጣት፣ ተጣማሪ የሌለው ሰው፣ ወይም በጾታው ምክንያት ሥራ የተከለከለ ሰው በሥዕሉ ውስጥ አይታይም። ሁለተኛው፣ መብት በተፈጥሮ የሚገባ ከሆነ አንድ ዜጋ በሰው ደጅ ቆሞ ሕይወቱን እየተረከ እንዲለምን ማድረግ ውርደት አይደለምን? ጥያቄዎቹ ከባድ ናቸው። ለሁለተኛው የምንሰጠው መልስ፣ በከተማ ምክር ቤት የጸደቀ መብት እንኳ ጎረቤት ካላመነበት በሴንት ፖል በ1978 እንደታየው ሊሻር ይችላል የሚል ነው። ለመጀመሪያው ግን በቂ መልስ አናይም።

እኛና ክርክር

የአገራችን ባህል በክርክር የከበረ ነው። በላ ልበልሃ በሚባለው የሙግት ሥርዓት ተሟጋቹ ቆሞ፣ ውርርድ ተወራርዶ፣ በቃል አመራረጥና በአንደበት ኃይል ባላጋራውን ይረታል። ነገር ግን በዚህ ሥርዓት የሚያምነው ዳኛው ነው፤ ተረቺው ይቀጣል እንጂ አያምንም። የእኛ ትውልድ ፖለቲካ ከዚህ ባህል ብዙ ወርሷል። በአብዮቱ መባቻ በጋዜጣና በበራሪ ወረቀት የተካሄደው ክርክር ጥልቀት አልጎደለውም፤ ግን እያንዳንዱ ወገን ይናገር የነበረው ታሪክ ለሚባል ዳኛ እንጂ ፊት ለፊቱ ለቆመው ወንድሙ አልነበረም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ያ ክርክር በምን እንደተዘጋ ማስታወስ አያሻንም።

በሌላ በኩል ሽምግልና አለን። ሽማግሌ ወደ ሰው ቤት ይሄዳል፣ ይቀመጣል፣ ይሰማል፣ ሰውዬው ክብሩ ሳይነካ ሐሳቡን የሚለውጥበትን በር ያበጅለታል። የሚኒሶታው ውይይት ከበላ ልበልሃ ይልቅ ለሽምግልና ይቀርባል። ልዩነቱ፣ በሽምግልና የሚሄደው ሦስተኛ ወገን ሲሆን፣ በሚኒሶታ የሄደው ባለጉዳዩ ራሱ መሆኑ ነው።

ይህን ጽሑፍ በዚህ መዝጋት ግን ከጉዳዩ መሸሽ ይሆንብናል። በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ያስቀጣል። በ2008 የልዩ ልዩ ሃይማኖቶች መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው ክልከላው በሕገ መንግሥት እንዲገባ ጠይቀዋል። አሜሪካ ደግሞ ከ1994 ጀምሮ በዚህ ምክንያት ስደት ለደረሰባቸው ሰዎች የጥገኝነት በር የከፈተ ገዥ ውሳኔ አላት። ስለዚህ በአገሩ ሊኖር ያልቻለ፣ ከእኛ ጋር በአንድ ቋንቋ የሚናገር፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ያደገ፣ በማኅበራችን ስብሰባ ግን ስለ ስደቱ ምክንያት አፉን የማይከፍት ወገን ሊኖረን ይችላል። ስለ ሌሎች የፖለቲካ እስረኞችና ተሳዳጆች ብዙ ጽፈናል፤ ስለ እነዚህ ግን ዝም ብለናል። አንባቢ በጋብቻው ጥያቄ ላይ የሚይዘው አቋም የራሱ ነው። ይህ ማኅበር ግን ስደትን የሚያጠና ማኅበር ከሆነ፣ የእነዚህን ሰዎች ታሪክ ሳይፈርድ መዝግቦ ማቆየት ከሥራው አንዱ መሆን ይገባዋል። ለዚህም የሚኒያፖሊስ በጎ ፈቃደኞች ከሠለጠኑበት የመጀመሪያ ትምህርት፣ ማለትም ጠይቆ እስኪመልሱ ከመጠበቅ፣ መጀመር እንችላለን።